ሠላሳ አራት ቆርቆሮ

‹‹ቆርቆሮው የድሮ ነው፤ እንደ ዛሬው በጥፍር የሚበሳ አይደለም›› አለች ፈትያ በረንዳው ላይ ቆማ። ሳሊሃ ከውስጥ ሰማቻት። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እሷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ የጠዋት ዳቦዋን በሻይ እያራሰች ነበር። ፈትያ የወንድሟ የሐጂ ኑዕማን ሚስት ናት። የምታነጋግረው ሰው ለባንክ ጥበቃ ተቀጥሮ ከደብረ ሲና የወረደ ነው፤ ክፍል ይፈልጋል። የምታሳየው ክፍል ሳሊሃ የተቀመጠችበት ነው። ሰውየው ስለ ሙቀቱ ጠየቀ። ‹‹ከደብረ ሲና የወረደ ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው›› አለችው፤ ‹‹ሁለት ሳምንት ያልብሃል፣ ከዚያ ትለምደዋለህ።›› ሰውየው ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ‹‹ሴትየዋስ?›› አለ። ‹‹እሳቸው ሰኔ ሳያልቅ ይወጣሉ። ዘመድ ናቸው፤ ለጊዜው ነው የተጠለሉት›› አለችው። ኪራዩን ተነጋገሩ። ሦስት ሺህ አለችው፤ ሁለት ሺህ አምስት መቶ አላት፤ መብራቱን አስገብታ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ላይ ቆሙ።

ሳሊሃ ሻይዋን አስቀመጠችና ቀና አለች። ክፍሉ ኮርኒስ የለውም። ከአልጋዋ በላይ፣ ከቆርቆሮው ጫፍ ላይ፣ በቀይ ቀለም የተጻፈ ‹‹አ›› አለ። ከሚቀጥለውም ቆርቆሮ ላይ አለ። ባሏ አብዱልሃዲ፣ አላህ ይዘንለትና፣ የጻፈው ነው። ከሸዋ ሮቢት በስተሰሜን ባለችው ካራቆሬ ቤታቸውን ሲሠሩ ቆርቆሮውን ከሦስት ጎረቤቶች ጋር በአንድ መኪና አስመጥቶ፣ እንዳይቀላቀልበት በእያንዳንዱ ጫፍ የስሙን መጀመሪያ ፊደል በብሩሽ ጻፈበት። ሠላሳ አራት ቆርቆሮ፣ ሠላሳ አራት ‹‹አ››። እሱ ከሞተ በኋላ፣ ካራቆሬ ተኩስ የተሰማ ሳምንት፣ ሰው ሁሉ የሚችለውን ሲያሸሽ ሳሊሃ ቆርቆሮዋን አስነቅላ በአይሱዙ ጫነችና ሸዋ ሮቢት ወንድሟ ግቢ አወረደችው። ቤት ቢቃጠል ቆርቆሮው ካለ ቤት ይመለሳል ብላ ነው። ቤቱ አልተቃጠለም። የጭቃው ግድግዳ ያለ ክዳን ሁለት ክረምት ቆመ። ባለፈው ወር ሄዳ ስታየው የምሥራቁ ግድግዳ ከሥሩ ተሸርሽሮ እንጨቱ ይታይ ነበር። የድሮ ጎረቤቷ በእግሩ ነካ አድርጎት፣ ‹‹ይህ ሦስተኛውን ክረምት አይሻገርም›› አላት። ቆርቆሮው ደግሞ በወንድሟ ጓሮ ሦስት የኪራይ ክፍሎች ላይ ተመትቷል። ኑዕማን፣ ‹‹ከሐጅ ስመለስ መሬት ላይ ሲዝግ አየሁት፤ ከሚበላሽ ብዬ አሰቀልኩት፤ በፈለግሽ ጊዜ ይወርዳል›› ብሏት ነበር። ከፈለገች ስምንት ወር ሆናት።

ሻርፗን ደረበች፣ መታወቂያዋን በፌስታል ጠቀለለችና ወጣች። ፈትያ ፊቷ ተለወጠ። ‹‹እትዬ ሳሊሃ፣ አሉ እንዴ? የወጡ መስሎኝ።›› ‹‹አለሁ›› አለች ሳሊሃ። የባንኩ ጥበቃ መሬት መሬት አየ። ፈትያ ወዲያው ሌላ ነገር አነሳች፤ ‹‹ገበያ ነው?›› አለቻት። ‹‹ቀበሌ ነው።›› ‹‹ዘይት መጣ እንዴ?›› ‹‹አልመጣም›› አለችና በሩን ቆልፋ ቁልፉን በጉያዋ ከተተች።

ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖ አስፋልቱ ግሎ ነበር። ሽንኩርት የጫኑ አይሱዙዎች ከሮቢ ወንዝ ማዶ እየመጡ ወደ አዲስ አበባ አቅጣጫ ይሰለፋሉ። ባጃጅ ወደ ቀበሌው ሃያ ብር ነው፤ በእግሯ ሄደች። ሐይማኖት የምትባል ልጅ ከቀበሌው በር ፊት ለፊት፣ ከኒሙ ዛፍ ሥር፣ ጠረጴዛ ዘርግታ ማመልከቻ ትጽፋለች። ሕግ ተምራ ሥራ እስኪወጣላት ነው። ለአንድ ገጽ መቶ ብር ትቀበላለች። ከሳሊሃ በፊት ስለ ውሃ ቆጣሪ የሚያስጽፍ ሰው ነበር፤ እሱ እስኪጨርስ ሳሊሃ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። ተራዋ ሲደርስ ልጅቱ ወረቀቱን በካርቦን ደርባ የሳሊሃን ስም ጻፈች፤ ከዚያ የተከሳሹን ጠየቀቻት።

‹‹ኑዕማን ሰይድ።››

‹‹ምንዎ ነው?››

‹‹ወንድሜ።››

እስክሪብቶው ቆመ። ‹‹የእናት ልጅ ነው ወይስ የአባት?››

‹‹የእናትም የአባትም። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁት ነው።››

‹‹ማዘልዎ አይጻፍም እማማ›› አለች ልጅቱ፤ ክፋት አልነበረባትም። የሆነውን ሁሉ ሰማቻት፤ አብዛኛውን አልጻፈችም። ግድግዳው ክረምቱን እንደማይችል ሳሊሃ ሁለት ጊዜ ነገረቻት። ልጅቱ ግን ግድግዳው የክሱ ምክንያት አይደለም፣ ክሱ ቆርቆሮው ነው አለቻት። ከዚያ ግምት ላይ ደረሱ። የዛሬውን የአዲስ ቆርቆሮ ዋጋ በሠላሳ አራት አባዝታ አየችውና እስክሪብቶውን አስቀመጠች። ይህ ለቀበሌው ማኅበራዊ ፍርድ ቤት በዝቷል፤ ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ወረዳ የዳኝነት ይከፈልበታል፤ ነሐሴ ላይ ይዘጋል፤ ቀጠሮው ከመስከረም ወዲያ ነው አለቻት።  ልጅቱ ወረቀቱን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ‹‹ያገለገለና የዛገ ብለን እንጻፈው። ግምቱ ይወርዳል፤ እዚሁ ያዩታል›› አለች።

‹‹አልዛገም እኮ።››

‹‹አውቃለሁ እማማ።››

‹‹ባሌ የምስማሩን ቀዳዳ ሁሉ በሬንጅ ደፍኖታል። አንድ ነጥብ ዝገት የለበትም።››

‹‹የሚዝገው ወረቀቱ ላይ ብቻ ነው›› አለቻት ሐይማኖት።

ሳሊሃም፣ ‹‹ጻፊው›› አለች። ሲነበብላት ‹‹ያገለገለና የዛገ›› የሚለው ላይ ዓይኗን ከወረቀቱ አነሳች። ስሟን በራሷ እጅ ፈረመች፤ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች። ልጅቱ ምስክር የሚለውን ቦታ ክፍት ትታ፣ ቆርቆሮው የእርስዎ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ይዘው ይምጡ አለቻት። ‹‹ዛሬ ከሆነ ዛሬ ነው። ነገ ዳኞቹ ዘር ላይ ናቸው፤ ደሞዝ የላቸውም።››

የሚያውቅ ሰው አለ። አናጢው ያሕያ የካራቆሬ ሰው ነው፤ እሱም እንደ ሌላው ወደዚህ ሸሽቶ ሮቢ ድልድይ አጠገብ የእንጨት ቤት ተከራይቶ በርና አልጋ ይሠራል። ቆርቆሮውን ከካራቆሬው ቤት ምስማር በምስማር የነቀለው እሱ ነው። ከወንድሟ ክፍሎች ላይ የመታውም እሱ መሆኑን ታውቃለች፤ ተቀይማው አታውቅም፤ የታዘዘ እጅ ነው። ስትደርስ የበር መቃን ሲልግ አገኘችው። የእንጨቱ ፍቅፋቂ ጢሙ ላይ ነበር። ተቀመጪ አላት፤ የሚቀመጡበት አልነበረም፤ ያልተጨረሰ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመጣችበትን ነገረችው። መላጊያውን ሳያስቀምጥ ሰማት።

‹‹የአንቺ መሆኑን እመሰክራለሁ›› አለ። ‹‹እሱንማ ማን ይክዳል። ግን ሳሊሃ፣ እኔ የጠየቁኝን ሁሉ ነው የምመልሰው። አስምለው ከጠየቁኝ አልሸሽግም። ሽኝቱ ላይ ነበርኩ።››

‹‹የምን ሽኝት?››

‹‹የሐጁ። አፉ ስትይው ሰምቻለሁ።››

‹‹ሁሉም ሰው ብሏል ጋሼ ያሕያ። አንተም ብለሃል።››

‹‹ብያለሁ። የሁለት በር የእጅ ዋጋ ነበረኝ። አፉ አልኩት፣ ቀረ። በማግስቱ ሚስቴ ልትገድለኝ ነበር።›› አልሳቀም። እንጨቱን መላግ ቀጠለ።

ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ቤቱን ይከፍታል፤ ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፣ ይበላል፣ ዱዓ ይደረጋል። ሂያጁ በሩ ላይ ቆሞ፣ ‹‹ሐቅ ያላችሁብኝ አፉ በሉኝ›› ይላል፤ ይቅር በሉኝ ማለቱ ነው። የሰው ሐቅ ተሸክሞ የሄደ ሰው ሐጁ አይያዝለትም ይባላልና። ሰዉም ‹‹አፉ ብለናል›› ይላል። ቆይ ላስብበት ያለ ሰው እስከ ዛሬ አልታየም። የዛሬ ሁለት ዓመት ኑዕማን ሲሸኝ ሳሊሃ ደብረ ሲና ልጇ ዘንድ ነበረች፤ ለሽኝቱ ስትል ወርዳ፣ ሲመሽ ተመለሰች። ግቢው በድንኳንና በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ጓሮውን አላየችም፤ ማንስ ጓሮ ያያል። ኑዕማን ሰዉን ሁሉ በጅምላ ከጠየቀ በኋላ እሷ ጋ መጥቶ እጇን ያዘና ለብቻዋ ጠየቃት። እንባው ጢሙ ላይ ወረደ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም ነበር። ‹‹አፉ ብያለሁ፣ ላንተ ከልቤ›› አለችው። ከያሕያ ቤት ወደ ቀበሌው ስትመለስ ይህ ትዝ አላት። ይህ ግን ከቆርቆሮው ጋር ምን አገናኘው አለች በልቧ። ቆርቆሮው ያን ቀን ጓሮ ውስጥ ተደርድሮ አደራ የተቀመጠ ዕቃ ነበር።

የማኅበራዊ ፍርድ ቤቱ ሰብሳቢ ይልማ የሚባል ገበሬ ነው። ወረቀቱን ሁለቴ አነበበው። ‹‹እትዬ፣ እኅትና ወንድም ናችሁ። ሽማግሌ አልሞከራችሁም?›› አላት።

‹‹ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ምሳ በሉ፣ መረቁን፣ ሄዱ።››

ይልማ ፈገግ አለ። ምናልባት እሱም እንዲህ ያለ ምሳ ያውቅ ይሆናል። ስልኩን አንስቶ ደወለ። ‹‹ሐጂ፣ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ቀበሌ ብቅ በል። አይ፣ ስለ መጋዘንህ አይደለም። ስትመጣ ትሰማዋለህ።›› ዘጋና ወረቀቱ ላይ ማኅተም መታ። ማኅተሙ አልይዝ ብሎት እስትንፋሱን እፍ አለበትና ደገመው።

ሳሊሃ ወደ ቤት አልተመለሰችም። ምሳም አልበላችም። ከቀበሌው ግድግዳ ጥላ ሥር፣ ጥላው ሲሸሽ እየተከተለች፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተቀመጠች። አንዲት ሴት ፓፓያ ይዛ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ስለ ሽንኩርት ዋጋ መውደቅ፣ ስለ መንገዱ መከፈትና መዘጋት አወራቻት። ሳሊሃ አዎ፣ አይ እያለች መለሰችላት። ሴትየዋ ምን ልታስፈጽም እንደመጣች ስትጠይቃት፣ ‹‹ወረቀት ነው›› አለቻት። በምዕራብ፣ ከጣርማ በር ተራራ ጫፍ ላይ፣ ደመናው ከጠዋቱ ይልቅ ጠቁሮ ነበር። ሳሊሃ ደጋግማ አየችው።

ችሎቱ የሚሰየመው በቀበሌው አዳራሽ ጥግ ነው። አዳራሹ ውስጥ ያለፈው ዓመት የማዳበሪያ ጆንያ ተከምሯል፤ ሽታው ዓይን ያቃጥላል። ከጠረጴዛው ኋላ ሦስት ሰዎች ተቀመጡ፤ ይልማ በመሐል፣ በቀኙ ጀይላን የሚባል ከመስጊድ የማይለይ ሽማግሌ፣ በግራው ወይዘሮ ራሔል፣ ጡረታ የወጣች መምህርት። ከጠረጴዛው ፊት አንድ አግዳሚ ወንበር ብቻ ነበር። ሐጂ ኑዕማን ነጭ ኮፍያውን አድርጎ ገባ፤ የሦስቱንም ዳኞች እጅ ጨበጠ፤ ከዚያ የሚቀመጥበት ሲፈልግ ከእኅቱ አጠገብ ካለው ሌላ አልነበረም። ተቀመጠ። በመሐላቸው የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ቀረ። ይልማ መዝገቡን ሲገልጥ ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ‹‹ምሳ በላሽ?›› አላት ኑዕማን በሹክሹክታ። ‹‹አዎ›› አለችው።

ክሱ ተነበበ። ‹‹ያገለገለና የዛገ›› ሲባል ኑዕማን ቀና ብሎ አያት፤ አልተቃወመም። ምላሹን ሲጠየቅ ተነስቶ ቆመ። ‹‹ቆርቆሮው የእሷ ነው›› አለ። ‹‹አልክድም፤ ምልክቱም አለበት። ነገር ግን ሐጅ ስሄድ በሰው ፊት ሐቅ ያለው አፉ ይበለኝ ብያለሁ። ለእሷ ደግሞ ለብቻ እጇን ይዤ ጠይቄያታለሁ። አፉ ብያለሁ ብላኛለች። ያሕያ ምስክር ነው፤ እሷ ራሷ አትክድም። የተተወ ሐቅ ተትቷል። ተመልሶ በወረቀት አይመጣም።››

ይልማ መጻፍ ጀምሮ ቆመ። ‹‹አፉ የሚለው ምን ተብሎ ይግባ?›› አለ ወደ ጀይላን ዞሮ።

‹‹ይቅርታ ነው።››

‹‹ይቅርታ ብዬ ከጻፍኩ ወንጀል ይመስላል። ይህ የንብረት ነው።››

‹‹እንግዲያው ሐቅን መተው በለው።››

ይልማ አሰበና ጻፈ፤ የጻፈውንም አነበበ። ‹‹ከሳሽ በንብረቱ ላይ ያላትን መብት በሰው ፊት ትታለች። ልክ ነው እትዬ? ብለዋል?››

ሳሊሃ እንዲህ ያለ ነገር በአፏ አልወጣም ነበር። የወጣው ሌላ ቃል ነው፤ አሁን ወረቀቱ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ተቀምጧል። ‹‹ያልኩት አፉ ነው›› አለች። ‹‹እሱ ነው የተጻፈው›› አላት ይልማ። ‹‹አይደለም›› አለች። ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ‹‹አፉ የሚባለው ለበደል ነው። ያን ቀን ቆርቆሮዬ ጓሮው ውስጥ ተደርድሮ ነበር። አደራ ነው። አደራ የተቀበለ ሰው ምን በደለና ነው አፉ የምለው? ከሐጅ ከተመለሰ በኋላ ነው የመታው። ራሱ ነው የነገረኝ። ለሚመጣ በደል አስቀድሞ አፉ አይባልም።››

ጀይላን ራሱን ነቀነቀ። ‹‹ትክክል ብላለች›› አለ። ወይዘሮ ራሔልም ወደ ኑዕማን አየች።  ሳሊሃ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሿ ወደ ታች ሲወርድ ተሰማት። ይልማ ኑዕማንን ቆርቆሮውን መቼ እንደመታው ጠየቀው። ኑዕማን ኮፍያውን አስተካከለ። ‹‹ቀኑን አላስታውሰውም›› አለ። ይልማ ያሕያን ከውጭ አስጠራው።

ያሕያ ከእንጨቱ ትቢያ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ መጥቶ ነበር። ማለና ስሙን ተናገረ። ቆርቆሮው የሳሊሃ ነው፤ ነቅዬ የጫንኩት እኔ ነኝ አለ። የሐጂ ክፍሎች ላይ የመታሁትም እኔ ነኝ አለ። መቼ ተባለ። ያሕያ አላመነታም፤ እንዲህ ያለውን ነገር የሚያስታውሰው በሥራው ነው። ‹‹ሽኝቱ እሑድ ነበር። እኔ ሐሙስ ጨረስኩ።››

‹‹ከሽኝቱ በኋላ ባለው ሐሙስ?›› አለ ይልማ።

‹‹በፊት ባለው። ለሽኝቱ የመጡ የሩቅ እንግዶች ያደሩት እነዚያው ክፍሎች ውስጥ ነው።››

ሳሊሃ ወደ ያሕያ አላየችም። ወደ ወንድሟ ዞረች። እሱ ወደ ማዳበሪያው ጆንያ ያይ ነበር። እጇን ይዞ ሲያለቅስ ትዝ አላት። መለያየቱ ከብዶት ነው ብላ ለሁለት ዓመት ለሰው ስትናገረው ኖራለች፤ ‹‹ወንድሜ ሲሰናበተኝ እንደ ሕፃን ነው ያለቀሰው›› እያለች። የጠየቃት ስለ ምን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ሠላሳ አራቱን ቆጥሮ ነው የጠየቃት።

‹‹ይህ እንግዲህ ነገሩን ለወጠው›› አለ ይልማ። ‹‹በደሉ ቀድሞ ከነበረ፣ አፉ የተባለው ለእሱም ነው ማለት ነው።››

‹‹ነግረሃት ነበር?›› አለ ጀይላን ኑዕማንን።

‹‹ሰው አፉ ሲጠይቅ እየዘረዘረ አይደለም ሸህ ጀይላን፤ በጅምላ ነው። ያውቁታል።››

‹‹ጠየቅሁህ፤ ነግረሃት ነበር?››

‹‹አልነገርኳትም።››

ጀይላን ‹‹ሐቁን ያላወቀ ሰው የተናገረው አፉ…›› ሲል ጀመረና አቋረጠ፤ ዓሊም፣ የሃይማኖቱ አዋቂ፣ መጠየቅ አለበት አለ። ይልማ መዝገቡ ላይ ዓሊም የሚገባበት ቦታ የለም አለው። ትንሽ ተከራከሩ። ወይዘሮ ራሔል እስከዚያ ድረስ ምንም አልተናገረችም ነበር። እስክሪብቶዋን ክዳኑን ከደነችበትና፣ ‹‹እትዬ ሳሊሃ›› አለች፤ ‹‹ያን ቀን ነግሮዎት ቢሆን፣ ቆርቆሮሽን መትቼዋለሁ፣ አፉ በይኝ ቢልዎት፣ ይሉት ነበር?››

አልልም ማለት ይቻል ነበር። ሦስቱም የሚጠብቁት እሱን ነው፤ ጀይላን እንዲያውም ከንፈሩን አንቀሳቀሰላት። ሳሊሃ ጣቶቿን አየች። ያን ቀን የያዛትን እጁን አሰበች፤ ትኩስ ነበር።

‹‹ቢነግረኝ እለው ነበር›› አለች።

‹‹ይህ ይጻፍ?›› አለ ይልማ ቀስ ብሎ።

‹‹ይጻፍ። እውነቱ ነው። አልነገረኝም እንጂ።››

ጀይላን ዓይኑን ጨፈነ። ይልማ ጻፈው፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅ ይህን ሲጽፍ ቆየ። ከዚያ ከሁለቱ ጋር ራስ ለራስ ገጥመው ተነጋገሩና፣ ጉዳዩ ከባድ ስለሆነ፣ ዘሩም ስለደረሰ፣ ለውሳኔ ለሐምሌ ሠላሳ ተቀጥሯል አለ። ሳሊሃ የሰማችው ሐምሌ የሚለውን ነው። ‹‹ግድግዳው እስከዚያ አይቆይም›› አለች። ይልማ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየው። ‹‹የምን ግድግዳ? ክሱ ውስጥ ግድግዳ የለም›› አላት። በጨዋነት ነው ያላት።

ወደ ቤት ስትገባ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። በረንዳዋ ላይ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የስፖንጅ ፍራሽና አንድ ባልዲ ተቀምጦ ነበር። የባንኩ ጥበቃ ዕቃ ነው። ቀብድ ከፍሏል ማለት ነው። ፈትያ አልታየችም፤ ግቢው ውስጥ ሰው የሌለ ይመስላል፤ የበሩ መጋረጃ ግን ይንቀሳቀሳል። ሳሊሃ ፍራሹን ዝናብ እንዳያገኘው ወደ ግድግዳው አስጠጋችለት። ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። የጠዋቱ ሻይ ዝንብ ገብቶበት ነበር፤ ደፋችው። ቆርቆሮው ቀኑን ሙሉ የጠጣውን ፀሐይ እየተፋ ነበር፤ ሲቀዘቅዝ እንደ ልማዱ ጠቅ፣ ጠቅ ይላል። ካራቆሬም እንዲህ ይል ነበር። አብዱልሃዲ ይህን ድምፅ ሲሰማ፣ ‹‹ቤቱ እየተንጠራራ ነው›› ይላት ነበር።

መግሪብ ተሰግዶ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ኑዕማን በሩ ላይ ቆመ። አልገባም። መጀመሪያዎቹ ጠብታዎች እዚህም እዚያም ቆርቆሮውን መቱ፤ ትልልቅ፣ የተራራቁ ጠብታዎች። ‹‹ግባ፣ ትበሰብሳለህ። ቤትህ ነው›› አለችው። ገብቶ ባለሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። ጉልበቱ ከአልጋዋ ጋር ሊነካካ ትንሽ ቀረው። መብራቱ ጠፍቶ ነበር፤ ሻማ አበራች። ፊቱን አየችው፤ ሸምግሏል። እናታቸው ስትሞት የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ዳቦ ያጎረሰችው እሷ ናት። ይህን አላነሳችውም። እሱም አላነሳውም።

‹‹ያን ቀን ልነግርሽ ነበር›› አለ። ‹‹ሰው በዛ።››

‹‹አለቀስክ።››

‹‹አዎ።››

‹‹ልትለየኝ ስለሆነ ነው ብዬ ነበር።››

ጠብታው እየቀረበ፣ እየተከታተለ መጣ። ሳሊሃ ከማዶ ያለውን ግድግዳዋን አሰበች፤ ካራቆሬም አሁን ደመናው ደርሶ ይሆናል፤ የምሥራቁ ሥር ቀድሞ ይረጥባል፣ ከዚያ እንጨቱ ብቻውን ይቀራል።

‹‹ይህን ሰውዬ ቀብዱን እመልስለታለሁ›› አለ ኑዕማን። ‹‹እዚሁ ክረሚ። ኪራይ የሚጠይቅሽ የለም።››

‹‹ቆርቆሮውስ?››

‹‹እትዬ፣ በክረምት ቆርቆሮ ይነቀላል? ከታች ሰው አለ፣ ተከራይ አለ። መስከረም ይጥባ።››

‹‹መስከረም ላይ የምከድነው ግድግዳ አይኖረኝም።››

 እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ ዘርግቶ መዳፎቹን አያቸው፤ ለዱዓ እንደተዘጋጀ ሰው። ‹‹ከቀበሌው ከወጣሁ ጀምሮ መጋዘን አልገባሁም። አስርና መግሪብ የሰገድኩትን አላውቀውም›› አለ። ‹‹ሸህ ጀይላን መንገድ ላይ ፊት ነሳኝ። የሄድኩበት ሁሉ ባዶ ከሆነ ምን ይዤ ነው ነገ የምቀርበው? አሁን ነገርኩሽ። አሁን ሁሉን ታውቂያለሽ። ቢነግረኝ እለው ነበር ብለሻል፤ በመዝገብ ላይ ነው ያልሽው። ነገርኩሽ እኮ እትዬ።››

ሳሊሃ ቃሉን ታውቀዋለች። ቀላል ቃል ነው፤ ሁለት ፊደል ነው። አንድ ጊዜ ሳትቆጥር ሰጥታዋለች። አሁን ከእጇ የቀረ ነገር ቢኖር እሱ ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ ነው፣ ክፍሉ የሰው ነው፣ ግድግዳው ማዶ ነው።

ያን ጊዜ ዝናቡ ወረደ። የቆላ ዝናብ አያስጠነቅቅም፤ በአንድ ጊዜ ነው የሚደፋው። ሠላሳ አራቱም ቆርቆሮ በአንድ ላይ ጮኸ። በረንዳው ላይ ፈትያ ልብስ ለመሰብሰብ ስትሮጥ ጥላዋ ታየ፤ ድምፅዋ አልተሰማም። ኑዕማን ጎንበስ ብሎ ወደ እሷ ተጠጋ። እንባው መጥቶ ነበር፤ በሻማው ያበራል። ከንፈሮቹ ተንቀሳቀሱ። ሁለት ፊደሎቹን አይታቸዋለች።

‹‹አልሰማህም›› አለችው።

ደግሞ ተናገረ፤ አሁን ጮክ ብሎ፣ የአንገቱ ጅማት እስኪወጣ። ሳሊሃ ቀና ብላ ከራሷ በላይ ያለውን ቀይ ‹‹አ›› አየችው። አንድ ጠብታ እንኳ አያስገባም። ሬንጁ እንደያዘ ነው።

‹‹ቆርቆሮው ነው›› አለች። ‹‹አያሰማም።››